ጀርባዋን የሰጠች ላም

ኮላ ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ «አበጋዝን ደግሞ ዛሬ ምን ነካው» እንዳትሉኝ። እኔ በተፈጥሮዬ ሳቂታ ሰው ነኝ። ለቅሶ ቤት ገብቼ ለቀስተኛውን አስቄ የወጣሁበት ቀን አለ፤ ሟቹም ቢሰማኝ ይስቅ ነበር። ባለፈው ግን የሐይቅ ከተማን ዋና መንገድ ይዤ ቁልቁል ስወርድ፣ ከአያ ይማም ሻይ ቤት በር ላይ ያ የላስቲክ ማጣበቂያ ኮላ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቁርሴ ተመልሶ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያ ቤት እኮ የራሱ ሽታ አለው። የወተት ሻይ ሽታ፣ የከሰል ሽታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የኔ ሽታ፦ የዘይት ቀለምና የአኳራጅ፣ ያ ቀለም የምናቀጥንበት። ቀለሙ ከደረቀ ዘመን የለውም፣ ሌላው ሰው ምንም አይሸተውም፤ እኔ ግን በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር ይሸተኛል፣ ሃያ ዓመቴም ይመለሳል።

ቤቱ አሁን ሻይ ቤት አይባልም። የአያ ይማም ልጅ ሰይድ «ካልቸራል ላውንጅ» ብሎታል። ካልቸሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፦ ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣር፣ ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የፕላስቲክ ሐረግ። ከበሩ ወጥቶ ትንሽ ቁልቁል የሄደ ሰው እውነተኛ ሣር፣ እውነተኛ ቄጠማ፣ እውነተኛ ሐይቅ ያገኛል። አይሄድም። ፕላስቲኩ ፊት ቆሞ፣ ከንፈሩን እንደ ቆሮሶ ዓሣ አሹሎ፣ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ቢሄድም የያዘውን ጠርሙስ እዚያው ወርውሮ ነው የሚመለሰው። እትፍ! አንዳንዴ ሐይቁ ራሱ ተቀይሞን አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ የሚሄድ ይመስለኛል።

«ጋሽ አበጋዝ! ወላሂ፣ አሁን ልደውልልህ ነበር» አለኝ ሰይድ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ ትልቅ ጥቅል ላስቲክ እየፈታ። «ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ብታይ ትወድቃለህ።»

«ከሽታው የተነሳ ወድቄ ጨርሻለሁ።»

«አንተ ደግሞ! ና፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። ጥቅሉን ዘረጋነው። ከመሃል የታተመ አንድ ትልቅ ዛፍ ወጣ፣ ከዛፉ ስር ኩሬ፣ ኩሬው ውስጥ ላሞች፣ ዳር ላይ ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት። እውነትም ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ያላየሁትን ሰው መንገድ ላይ ድንገት ያገኘሁ ነው የመሰለኝ፤ ያውም ተቀብቶ፣ ተኳኩሎ፣ አላስፈላጊ ቦታ ወፍሮ። እኔ የማውቀው ያ ስዕል ከሁለት መዳፍ አይበልጥም ነበር። ይሄኛው ግድግዳ ያክላል። ቅጠሉ እንደ ለስላሳ መጠጥ አረንጓዴ ሆኗል። ፊት ለፊት ያለችው ቀይ ላም ደግሞ ከመለጠጧ ብዛት ጠጋ ሲሏት ላም መሆኗ ይቀርና አራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ትሆናለች።

ያ ስዕል ወደ ሐይቅ የገባው በካላንደር ነው። የሐይቁን ዓሣ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ፣ አያ ይማም ቤት ወተት ሻይ ሲጠጣ ከርሞ፣ ሲሄድ ሰቅሎት ሄደ። ወሮቹ አንድ በአንድ ተቀድደው መጠቅለያ ሆኑ፤ ስዕሉ ብቻ ምስማሩ ላይ ቀረ። ያኔ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ወተት ሻይ አሥራ አምስት። ስሙኒ ይዞ የገባ ሰው ወተት ሻዩን ከነብስኩቱ አዝዞ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ጌታዬ እያለው ይወጣ ነበር። እኔ ተትረን ሱሪዬን በየምሽቱ ፍራሽ ስር አስተኝቼ እተኛበታለሁ፤ ጠዋት ሲወጣ እጥፋቱ ሽንኩርት ይከትፋል። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ኋላ ኪሴ ውስጥ ጥርሱ የተራራቀ ማበጠሪያ። ከመናኸሪያው ጥግ ብቅ ስል የሐይቅ ቆንጆዎች እንስራቸውን ያወርዳሉ። ያወርዱ የነበረው ደክሟቸው ነው የሚል ምቀኛ አለ፤ አልመልስለትም። አያ ይማም ቤት ቴፕ ነበረ። የኛኑ የአምባሰል ቅኝት ሲያስለቅስ ይውልና ወደ ማታ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ያለ ዕድሜው እያረጀ፣ እያረጀ፣ መጨረሻ ላይ እንደ በሬ ያጉረመርማል። ማንም አይዘጋውም። አክብረን እስኪሞት እንጠብቀው ነበር።

ዛሬ ሰይድ ድምፅ ማጉያ ተክሏል። የሚወጣውን ነገር ዘፈን አልለውም።

ስለ ስዕሉ ልቀጥል። ከደሴ የመጣ አንድ አስተማሪ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ፈረንሳይ አገር የተሳለ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል አለን። ማንም አልሰማውም። የኛው ሐይቅ መሆኑን በዓይናችን እያየን! ውሃው ሐይቅ፣ ማዶ ያለው ጭጋግ ሐይቅ። የቤቱ ደንበኛ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ሼህ ሙሄ እና መምሬ ተገኝ። አንዱ ከሱብሒ ሰላት፣ አንዱ ከኪዳን ሲመለሱ አንድ አግዳሚ ላይ ይገናኛሉ፣ ያንኑ ስዕል በየቀኑ እንደ አዲስ ያያሉ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ቁጭ ያለችው?» ይላሉ ሼህ ሙሄ። «ፀሐይቱ ልትገባ፣ ላሞቹ ውሃ ውስጥ ተገትረው፤ መቼ ልታልብ ነው?»

«እስጢፋኖስ አትገቢም ተብላ ነዋ» ይላሉ መምሬ ተገኝ። «ገዳሙ ሴት አያስገባ። ባሏ እስኪወጣ ዳር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።»

«ባሏ እዚያው መንኩሶ እንደሆነስ?»

«እንግዲያማ ትጠብቃለቻ!»

ከዚያ ሳቅ። ከዚያ ደግሞ አንዱ ገበሬ ይነሳና ያቺ ቀይ ላም የአጎቴ ናት ይላል፤ ሌላው በአላህ ስም ይምላል፣ የአጎትህ ላም ጡቷ እንዲህ ወርዶ አያውቅም ብሎ። አንድ ቀን በዚሁ ሁለት ሰው ተያይዞ በሽማግሌ ነው የታረቀ። ፈረንሳዊው ሰዓሊ መቃብሩ ውስጥ ሆኖ ቢሰማ፣ ያገሩ ሰው ያን ያህል ትኩር ብሎ አይቶለት እንደማያውቅ እወራረዳለሁ። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። እየተነሳሁ፣ አፍንጫዬን አስጠግቼ፣ ያን ሰማይ እንዴት እንዳመጣው አጠናለሁ። ሰማዩ አመድማ ነው፤ ዝናቡ ሊመጣ ይሁን ወይ ሄዶ ይሁን አይታወቅም። ቅጠሉን አንድ በአንድ አልሳለውም፣ ዛፉን ግን ነፋስ ሲነካው ትሰማለህ። ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ማን ያስተምረኛል? ከኔ የሚሻል አልነበረም። እስከዚያ ድረስ የጭነት መኪና ኋላ ላይ ጽሑፍ ነበር የምጽፈው፤ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ የኔን እጅ ጽሑፍ ሳይከተል የነዳ ሹፌር የለም። አስተማሪዬ ያ ካላንደር ነው።

አሁን ስለ ጉሬዛ። ጉሬዛ የአያ ይማምና የሚስታቸው የእትዬ ዘሃራ ላም ነበረች። ጥቁር ሆና ጎኗ ላይ ነጭ የተደፋባት፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ፣ ቀኝ ቀንዷ ወደ ውስጥ የታጠፈ። የቤቱ ወተት ሻይ ስም ያወጣው በሷ ነው። ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም አይወቀው። ሣር ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች ነበሩ። ሸጧት። ነጋዴው ገመዷን ይዞ በደሴ መንገድ ሲወስዳት አያ ይማም በሩ ላይ ቆመው ሸኟት። ከዚያ በኋላ ደጉ ጊዜ ተመልሶም፣ ሌላ ላም ገዝተውም፣ ስለዚያ ቀን የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «በስሟ ጠራኋት። ሁለቴ ጠራኋት። አልዞረችም።» ሰው ለሰው እንዲህ ቂም ሲይዝ አይቻለሁ፤ ለላም ቂም የያዘ ግን አያ ይማምን ብቻ ነው የማውቀው። ቂም ስላችሁ፣ የናፍቆቱን ነው።

አንድ ክረምት አይጥ የካላንደሩን ጥግ መብላት ጀመረች። አያ ይማም ለንግድ ባቲ ወርደው ነበር። እትዬ ዘሃራ ጠሩኝ።

«አበጋዝ፣ መቼም እጅህ አርፎ አያውቅ፤ ይሄን ነገር ሳያልቅ ግድግዳው ላይ ገልብጥልኝ። ሰውዬው ሲመጣ ይደነቅ። ደግሞ ያቺን ቀይዋን አንሳና በሷ ቦታ ጉሬዛዬን አስገባልኝ።»

ሳልኩ። ምን እላችኋለሁ! አመድማ ሰማይ የሚያወጣ ቀለም አልነበረኝም፤ የነበረኝ የጭነት መኪና ሰማያዊ ነው። እሱን ነካሁበት፣ ለፈረንሳዊው ወንድሜ ፀሐይ አወጣሁለት። ሴትዮዋ ሥራ እንዲኖራት አጠገቧ እንስራ አስቀመጥኩ። ሌሎቹ ላሞች ራቅ ብለው ውሃ ይጠጣሉ፣ ፊታቸው አይለይም። ከፊት ለፊት ጉሬዛ፣ በጎን ቆማ፣ አንገቷን ወደኛ መለስ አድርጋ። ዓይኗን ስጨርስ ራሴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እትዬ ዘሃራ ማማሰያ እንደያዙ መጥተው ቆሙ። «አየችኝ» አሉ።

ከዚያ ሼህ ሙሄ ገቡ። «ማሻ አላህ!» አሉ። ጠጋ አሉ። ራቅ አሉ። «አበጋዝ፣ ይቺ ላም እያየችኝ ነው።»

«እንድታይዎ ነዋ የሳልኳት።»

«እሱ ነው ጥፋቱ! ነፍስ ያለውን ነገር ከነዓይኑ አበጅተህ፣ ነገ በቂያማ ‹በል እንግዲህ ነፍስ ዝራበት› ስትባል ምን ልትመልስ ነው? ዓይኗን አጥፋ። ዓይን ከሌላት ችግር የለም፣ ግድግዳ ናት።»

«የለም!» አሉ መምሬ ተገኝ ከኋላቸው። «ዓይኗ መች በዛና? አነሳት እንጂ! አንድ ዓይን ብቻ? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጎን ተስሎ በአንድ ዓይኑ የሚያየው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ሰይጣንና ወገኖቹ ናቸው። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይ። የዘሃራን ላም ከማን ጋር ልትደምራት ነው? ሁለተኛውን ጨምርላት።»

«መምሬ፣ በጎን እኮ ነው የቆመችው። ሁለተኛው ዓይን በዚያ በኩል ነው።»

«በዚያ በኩል መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ይሄ መከራ ፈረንሳይ አገር ገጥሞት የሚያውቅ ሰዓሊ ካለ ይምጣና እጄን ይጨብጠኝ። እኔ ደግሞ እናቴ እስላም፣ አባቴ ክርስቲያን፤ ግማሼ አጥፋ ይላል፣ ግማሼ ጨምር ይላል። አንዱን ባስደስት አንዱ ሻዩን ሌላ ቤት ሊጠጣ ነው፣ ያ አግዳሚ ሊፈርስ ነው። ተኝቼ አሰብኩበት። ጠዋት ኖራ በጥብጬ ጉሬዛን ከቀንድ እስከ ጭራ አለበስኳት፣ ሲደርቅ ከላይ እንደገና ሳልኳት፤ ወደ ሐይቁ ስትሄድ፣ ከኋላ። ዳሌ፣ ነጭ ጫፍ ያለው ጭራ፣ ሁለት ቀንድ፣ አንዱ የታጠፈ። የሚጠፋ ዓይን የለ፣ የሚጨመር ዓይን የለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዩ፣ ተያዩ፣ «አሁን ሆነ» አሉ፣ ሻይ አዘዙልኝ። ኖራ መቼም የዘይት ቀለም ላይ ብዙ አይጨብጥም፤ በሌላ ሰው እጅ ቢሆን በዓመቱ ይረግፍ ነበር። የኔ እጅ ሆነና ቆመ። እትዬ ዘሃራ ብቻ ኖራውን ስቀባ ፊታቸውን መለሱ። «እሷው ነበረች እኮ» አሉ።

አያ ይማም ከባቲ በገቡ ጊዜ እኔ ሙገሳ ልቀበል ደረቴን ነፍቼ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ዕቃቸውን ሳያወርዱ ግድግዳውን አዩት። ቆሙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እንዲህ ነው የሄደችው» አሉ። «ልክ እንዲህ። አንተ በምን አወቅህ?»

በጓዳው በር እትዬ ዘሃራ በዓይናቸው ዝም በል አሉኝ። ምን ብዬስ ልናገር? ፊቷን ወደ እርስዎ አዙራ ነበር፣ እኛ ሸፈንናት ይባላል? «ጥበብ ነው» አልኳቸው። በሕይወቴ ከተናገርኩት ሁሉ ትንሹ ጉራ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ሰላምታ ተለወጠ። ጠዋት የገባ ደንበኛ ሁሉ አረፍ ከማለቱ በፊት ግድግዳውን አይቶ «አያ ይማም፣ አልዞረችም?» ይላል። «አልዞረችም» ይላሉ፣ ሻዩን እየቀዱ። ልጆች ተወልደው፣ አድገው፣ ተድረው፣ መንግሥት መጥቶ መንግሥት ሄዶ፣ ሻይ አሥር ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ ዛሬ ልናገረው የሚያስጠላኝ ዋጋ ሆኖ፣ «አልዞረችም?» «አልዞረችም።» ሼህ ሙሄ አለፉ፣ መምሬ ተገኝ አለፉ፤ የዓይኑን ነገር አሁን እዚያው ተጠይቀው ተረድተውታል። እትዬ ዘሃራም አለፉ፤ ከስር ያለችውን ለአያ ይማም ሳይነግሩ ሄዱ። የአያ ይማምን ዓይን ሞራ ጋረደው። ግድግዳው ጭጋግ ሆነባቸው፣ ቢሆንም እዚያው ፊት ለፊቱ ወንበራቸውን አልለቀቁም። በመጨረሻ ሴት ልጃቸው ደሴ ወስዳ ልታሳክማቸው ሆነ። ሰይድ ያን ላስቲክ የዘረጋው እሳቸው ደሴ ሆነው ዓይናቸው በተገለጠ ሳምንት ነው።

«ይሄን የት ልትለጥፈው ነው?» አልኩት።

«እዛው ነዋ።»

«እዛው የት?»

«ያንተኛው ላይ።» ሳቀ፣ ሊያባብለኝ። «ጋሼ፣ አባቴ ያን ስዕል እንዴት እንደሚወደው ታውቃለህ። ስንት መከራ አይቼ ነው ያገኘሁት። ዓይኑ ድኖ ሲመጣ ኮፒውን ሳይሆን ኦሪጅናሉን ይየው ብዬ ነው።»

ኮፒ! እኔ ፀሐይ ያወጣሁለትን፣ እኔ ሥራ ፈቷን ሴትዮ እንስራ ያስያዝኩበትን! ካልተሳሳትኩ እዚያው ፕላስቲክ ሣሩ ላይ ተፋሁ። ያስጠላኝ ግን ስድቡ ብቻ አይደለም። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ ፊቱ የስጦታ ፊት ነበር። እሱ ነው የባሰ ያንገሸገሸኝ። ክፉ ቢሆን ሰድቤው እገላገል ነበር።

«ጉሬዛስ?»

«ያቺ ጀርባዋን የሰጠችው? በአላህ ጋሽ አበጋዝ! ሰው እዚህ የሚመጣው ፎቶ ሊነሳ ነው። ከላም ቂጥ ጋር ማን ፎቶ ይነሳል?»

«አባትህ በየቀኑ ‹አልዞረችም› ሲሉ አልሰማህም?»

«እሱማ የሽማግሌዎች ቀልድ ነው።»

«ቀልድ የምቀልደው እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። «አባትህ ቀልደው አያውቁም። ይሄን ከለጠፍክ ሁለተኛ ጊዜ ሸጥክባቸው።»

«እንግዲህ እጅህ ጥሩ ስለሆነ አንተ ብትለጥፈው ብዬ ነበር» አለ፣ ተከፍቶ። «ካልፈለግህ ሰው አለኝ።»

ጥዬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ለራሴ ያልነገርኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ስዕሌ ሊሸፈን መሆኑ ደስ አለኝ። አያ ይማም ያን ሥራ ለመጨረሻ ጊዜ በደህና ዓይን ካዩት ብዙ ዓመት ሆኖታል። በአዲስ ዓይናቸው መጥተው «አበጋዝ፣ ለካ ይሄን ያህል ሲያቅትህ ኖሯል» ቢሉኝስ? እኔ፣ አበጋዝ፣ ፈራሁ። ይሄ ከኮላው በላይ አቅለሸለሸኝ።

አያ ይማም በሳምንቱ መጡ። ከመናኸሪያ በባጃጅ፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ እንደ ዘፋኝ። እኔ ከማለዳ ጀምሬ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። ሻይ አላዘዝኩም፤ ፕላስቲክ ጽጌረዳ ፊት ሻይ አይወርድልኝም። ላስቲኩ ግድግዳው ላይ አብጦ፣ አብረቅርቆ ተንጣሏል። አሮጌው ሰው በር ላይ መነጽራቸውን አወለቁ። መንገዱን አዩ። ልጃቸውን አዩ።

«ሰይድ፣ አንተ ሸብተሃል እንዴ!» አሉ። ቀጥለው ወደኔ፣ «አበጋዝ! ይሄ ሆድ የማን ነው? የራስህ ነው?»

«የራሴ ነው አያ ይማም። እኔ ነኝ የሳልኩት።»

ስቀው ገቡ፣ ከወንበራቸው ፊት ቆሙ፣ ግድግዳውን አዩ። ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ማሻ አላህ» አሉ። «ያ የካላንደሩ ነው።»

«እሱ ነው አባ!» አለ ሰይድ። «ዋናው። ኦሪጅናሉ።»

«ቆንጆ ነው። ውሃውም ቆንጆ ነው።» ጠጋ አሉ። «ይቺ ቀይ ላም የማን ናት? ትኩር ብላ ታየኛለች፣ አላውቃትም።» እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት፤ ላስቲኩ ጣታቸው ስር ተንሸራተተ። «ጉሬዛስ?»

«ከስር ናት አባ።»

«ከስር?»

አሮጌው ሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ መነጽሩን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ደሴ ዓይኔን ሊገልጡት ሲሉ ሐኪሟ ምን ማየት ይፈልጋሉ አለችኝ» አሉ። «ሌላ ሰው ልጄን ይላል፣ ካዕባን ይላል። እኔ አፍሬ አልነገርኳትም። ላሜን ልላት ነበር። ከኋላዋም ቢሆን አንዴ አጥርቼ ልያትና እንግዲህ ይቅር ልበላት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሰይድ ደንግጦ ዘለለና የላስቲኩን ጥግ ይዞ ሊጎትት ሲል ጮህኩበት።

«ተው! አይጎተትም! ቀለሙን ይዞት ይመጣል!»

ከዚያ እኔ ገባሁበት። ሙቅ ውሃ አምጡ አልኩ፣ ጨርቅ አምጡ አልኩ፣ ምላጭ አምጡ አልኩ። ያን ቀን የኮላውን ሽታ እየዋጥኩ፣ እያቅለሸለሸኝ፣ ጣት በጣት ላጥኩት። የለጠፉት ሰዎች ምን ዓይነት እርጉም ኮላ እንደተጠቀሙ እንጃ፤ ነክሶታል። መጀመሪያ ሰማዬ ሄደ። ያ የጭነት መኪና ሰማያዊ፣ ላስቲኩ ጀርባ ላይ ተጣብቆ እንደ ጨርቅ ተነሳ። ቀጥሎ ዛፌ። ቀጥሎ ሴትዮዋ ከነእንስራዋ። አፌ አላረፈም፣ «አብሽሩ፣ ላሟን በሌላ መንገድ ነው የሳልኳት፣ አትነሳም» እላለሁ፤ ልቤ ግን እንደምትነሳ ያውቃል። መሃል ላይ ደረስኩ። ጭራዋ ተነሳ። ዳሌዋ፣ ቀንዶቿ፣ ኖራውን እንደ ቅርፊት ይዘው ረገፉ፤ ጠቅላላ ጉሬዛ ከነኋላዋ የፈረንሳዩ ላስቲክ ጀርባ ላይ ተለጥፋ እጄ ላይ ቀረች። ከዚያ ቤት ሁለተኛ ሄደች። ዞሬ አያ ይማምን ለማየት አንገት አጣሁ። እንዲያው የማደርገው ሳጣ፣ በያዝኩት እርጥብ ጨርቅ ግድግዳው ላይ የቀረውን ኖራ መጥረግ ያዝኩ።

ጥቁር ወጣ።

ጠረግሁ። ነጭ የተደፋበት ጎን ወጣ። ጆሮ ወጣ። የታጠፈ ቀንድ። ከዚያ በጨርቄ ስር ዓይኗ ተከፈተ፤ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ የሳልኩት ዓይን፣ ኖራው ደብቆ ያቆየው፣ ትናንት እንደተሳለ ጥቁር፣ እርጥብ። እርጥበቱ ከጨርቁ ነው። አንገቷን መለስ አድርጋ፣ ከኔ ትከሻ በላይ፣ ወደ ወንበሩ ታያለች።

ከፊቷ ዘወር አልኩ። አያ ይማም ተነስተው ቆመዋል፤ መነጽሩ ፕላስቲክ ሣሩ ላይ ወድቋል። እኔ እንኳ፣ ለቅሶ ቤት የማይጠፋኝ ቃል፣ ጠፋኝ። የተናገረው ሰይድ ነው። ያ የሽማግሌ ቀልድ ነው ያለው ልጅ፣ ድምፁ እንደ ባትሪ ያለቀበት ቴፕ እየተጎተተ፣

«አባ» አለ። «አልዞረችም?»

አሮጌው ሰው ዓይናቸውን ከዓይኗ ሳይነቅሉ፣

«ዞረች» አሉ።

ወደ ግድግዳው ሄደው መዳፋቸውን ግንባሯ ላይ አሳረፉ። ሁለተኛው ዓይኗ የት አለ ብለው ይጠይቁኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ቆሜ ነበር። አልጠየቁኝም።